ሮቢንሰን የዝምታ ምሳሌ አይደለም

«ችሎታ ካለህ ዝም ብለህ ሥራህን ሥራ፤ በሩ በራሱ ጊዜ ይከፈታል።» አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን እንዲህ ሲመክሩ፣ በምሳሌነት ጃኪ ሮቢንሰንን ሲጠሩ እሰማለሁ። ጥቁሩ ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 1947 ለብሩክሊን ዶጀርስ ተሰልፎ፣ ዋናው የቤዝቦል ሊግ ለነጮች ብቻ መሆኑ አበቃ።

ምክሩ መሠረት የለውም አልልም። ስፖርት ውጤቱ በአደባባይ ይቆጠራል፤ ሮቢንሰን በዚያው ዓመት ምርጥ አዲስ ተጫዋች ሲባል ሊክደው የቻለ አልነበረም። ግን ጆሽ ጊብሰን ምን ጎደለው? በጥቁሮች ሊግ ወደር ያልነበረው ይህ መቺ፣ ለዚያ ቀን ሦስት ወር እንኳ ሳይቀረው በ35 ዓመቱ ሞተ። በ2024 የጥቁሮች ሊጎች ውጤት ከዋናው መዝገብ ጋር ሲዋሃድ በምት አማካይ የምንጊዜም አንደኛ ሆኖ የተገኘው እሱ ነው።

በሩ የተከፈተው ስለተገፋ ነው። የ«ፒትስበርግ ኩሪየር» ጋዜጠኛ ዌንደል ስሚዝ ለዓመታት ወተወተ፤ ኒውዮርክ በ1945 በሥራ ቅጥር የዘር አድልዎን በሕግ ከለከለች፤ የዶጀርሱ ኃላፊ ብራንች ሪኪም ማሸነፍና ስታዲየም መሙላት ይፈልግ ነበር።

ይበልጥ የሚያናድደኝ «ዝም ብለህ» የምትለዋ ናት። ሮቢንሰን በ1944 የጦር መኮንን ሳለ፣ ቴክሳስ ውስጥ አውቶቡስ ላይ ወደ ኋላ ሂድ ሲባል አልሄድም ብሎ ጦር ፍርድ ቤት ቀርቧል፤ በነጻም ተለቋል። ሜዳ ላይ ስድብ ሲወርድበት የታገሠው ከሪኪ ጋር ስለተስማማ ነበር፤ ያውም ለጊዜው። ኋላ ከዳኛም ከጋዜጠኛም ጋር ፊት ለፊት ተሟግቷል። በኦክቶበር 1972 ሲንሲናቲ ላይ ሲከበር እንኳ ምስጋናውን አቅርቦ ዝም አላለም፤ ቡድን የሚመራ ጥቁር ማየት እንደሚፈልግ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ተናገረ። በዘጠነኛው ቀን አረፈ። የዋናው ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሰልጣኝ ፍራንክ ሮቢንሰን ሥራ የጀመረው በ1975 ነው። የጃኪን ትዕግሥት ብቻ ቆርጦ ለልጅ መስጠት ልጁን መበደል ነው።

«የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች እሱ ነው» የሚባለውም ልክ አይደለም። ሞሰስ ፍሊትውድ ዎከር በ1884 ለቶሌዶ ተጫውቶ ነበር፤ በሩ የተዘጋው ከዚያ በኋላ ነው። «በ1947 ለሁሉም ተከፈተ» ለሚሉም፣ ቦስተን ሬድ ሶክስ ጥቁር ያሰለፈው በ1959 ነው።

«ሁሉም ተጠቀመ» የሚለው ግን ቆም ያሰኛል። ሮቢንሰን የተወሰደበት የጥቁሮች ሊጉ ካንሳስ ሲቲ ሞናርክስ አንድ ሳንቲም አልተከፈለውም። የኒውአርክ ኢግልስ ባለቤት ኤፋ ማንሊ ዋናው ሊግ ለወሰደባት ተጫዋች ለላሪ ዶቢ 15,000 ዶላር አግኝታለች፤ ሆኖም ተመልካቹ ኮከቦቹን ተከትሎ ሲሄድባት ከ1948 ውድድር በኋላ ቡድኑን ሸጠች። ጥቅሙን ከዚህ ኪሳራ ጋር እንዴት እንደምመዝነው ይቸግረኛል። ዋናው ሊግ ተጫዋቾቹን ሲወስድ አሰልጣኞቹንና ባለቤቶቹን ውጭ ነው የተዋቸው።