ሀብሩን በጆሮ መቁጠር

በሰሜን ወሎ፣ በሀብሩ ወረዳ ካለችው መርሳ ወደ ወልድያ አስፋልቱን ይዞ የሚሄድ መንገደኛ ግራ ቀኙን አረንጓዴ ያያል። ሳተላይትም የሚያየው ይህንኑ ነው፤ ባሕር ዛፉንና የቤተ ክርስቲያኑን ጽድና ወይራ ሁሉ "የዛፍ ሽፋን" ብሎ አንድ ላይ ሊደምረው ይችላል። ውስጡ ማን እንደሚኖር የሚነግረን ድምፅ ነው። ቆቅን ቁጥቋጦ ውስጥ በዓይን የሚፈልግ እረኛ የለም፤ ስትጮኽ ያውቃታል።

ይህን የእረኛ ዘዴ በመሣሪያ መሥራት ለዓመታት ገንዘብ ያላቸው ተቋማት ሥራ ነበር፤ አንድ የዱር ድምፅ መቅጃ ብዙ መቶ ዶላር ያወጣ ነበር። የሳውዝሃምፕተንና የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 በጥናት ያስተዋወቁት ኦዲዮሞዝ ግን ርካሽ ነው፤ ከክብሪት ቀፎ ብዙም አይበልጥም፤ በሦስት ትንንሽ ባትሪ ድንጋይ ይሠራል፤ ንድፉም ለማንም ክፍት ነው። በሰከንድ እስከ 384,000 ናሙና ስለሚወስድ ጆሯችን የማይሰማውን የሌሊት ወፍ ጩኸት ሳይቀር ይይዛል። ለወፎች ግን 48,000 ይበቃል። በዚህ መጠን፣ ከየአሥር ደቂቃው አንዷን ብቻ እንዲቀዳ ቢታዘዝ በቀን አንድ ጊጋባይት አይሞላም፤ ባለ 64 ጊጋባይት ካርድ ከሁለት ወር በላይ ይዘልቃል። ውኃ የማያስገባ መያዣ ካላገኘ ግን የሐምሌን ዝናብ አይችልም።

ሬይንፎረስት ኮኔክሽን የተባለው ድርጅት ደግሞ ያረጁ ስልኮችን ዛፍ ላይ ሰቅሎ የሞተር መጋዝ ሲሰሙ ማስጠንቀቂያ እንዲልኩ አድርጓል። ለወሎ ይህ ብዙም አይረዳም ባይ ነኝ፤ ዛፍ በብዛት የሚቆረጠው በመጥረቢያ ነው፤ የመጥረቢያ ድምፅ ደግሞ እንጨት በሚፈለጥበት ጓሮ ሁሉ አለ።

ከባዱ ሥራ፣ የተቀዳው የማን ድምፅ እንደሆነ መለየት፣ ከቀረጻው በኋላ ይመጣል። የኮርኔል የአእዋፍ ቤተ ሙከራና የጀርመኑ ኬምኒትዝ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት በርድኔት የተባለ ሶፍትዌር ከ6,000 በላይ ዝርያዎችን ይለያል፤ በነፃም ይገኛል። የሠለጠነው ግን በብዛት በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ድምፆች ነው። ስለዚህ ለኢትዮጵያ ወፎች የሚሰጠው ስም ወፎቹን በሚያውቅ ሰው ጆሮ ካልተጣራ አያስተማምንም። እንደኔ ከሆነ ከመቅጃው ይልቅ የሚያጥረን ይህ ጆሮ ነው፤ እሱም ያለው በየገጠሩ ነው።

ድምፅ በአገራችን ምን ያህል እንደሚጠቅም እንቁራሪቶች አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 በደጋ የሚኖሩ፣ ፕቲካዴና ከተባለው የእንቁራሪት ወገን የሆኑ አራት አዳዲስ ዝርያዎች ሲገለጹ፣ ከዘረ መልና ከአካል ልኬት ጋር የወንዶቹ ጥሪም ማስረጃ ሆኖ ቀርቧል።

በወልድያና በሀብሩ የሚቀዳ ሰው የራሱ ጣጣ አለበት። ወፎች በሚበረቱበት ንጋት የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ድምፅ ማጉያ ይከፈታል፤ ወደ መቀሌ የሚወጣ ከባድ መኪናም አለ። መቅጃው የሰው ወሬም ይይዛል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ያለፈበት ሕዝብ ዛፍ ላይ የተሰቀለ ሳጥን ቢያስጠረጥረው አይፈረድበትም። አስቀድሞ ለቀበሌውና ለሰበካ ጉባኤው ማስረዳት፣ በሳጥኑም ላይ ምንነቱን በአማርኛ መጻፍ የግድ ነው።

ሥራውን ሊጀምሩ የሚችሉት የወልድያ ዩኒቨርሲቲ መርሳ ካምፓስና የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል በዚሁ ከመርሳ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ናቸው። አንድ መቅጃ ቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ፣ ሌላው አጠገቡ ባለ ባሕር ዛፍ ውስጥ፣ በእኩል ሰዓት ቢሰቀሉ ሳተላይቱ አንድ ያደረጋቸው ሁለት አረንጓዴዎች ልዩነታቸው ይሰማል። ለመጀመሪያው ሙከራ እንቁራሪቶቹም የሚጮኹበትን የክረምት መግቢያ እመርጣለሁ።