ወባ ከእርሻ አያያዝ ጋራ ስላለው ግንኙነት

የአገር ሀብት እርሻ ነው፤ የእርሻም መሠረቱ የገበሬው ጤና ነው። በሬው ተጠምዶ ዘሩም ተሰናድቶ ሳለ አራሹ በንዳድ ከወደቀ፥ ማሳው ጦሙን ያድራል። ይልቁንም ወባ የሚበረታው ክረምቱ ካለፈ በኋላ፥ ከመስከረም እስከ ኅዳር፥ እህሉ አጨዳ በሚጠብቅበት ወራት ስለ ሆነ፥ ጉዳቱ እጥፍ ነው።

ቀድሞ ብዙ ሰው ንዳድ ከቆላ አየር የሚመጣ ይመስለው ነበር። ነገር ግን ሮናልድ ሮስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1889 ዓ.ም. በሕንድ አገር የወባን ተሐዋስ በትንኝ ሆድ ውስጥ ካገኘ ወዲህ፥ አመላላሿ ትንኝ እንደ ሆነች ታውቋል። ትንኝም ዕንቁላሏን የምትጥለው በረጋ ውሃ ላይ ነው።

አገራችን ደጋ ነው ብሎ መታመን አይገባም። በ1950 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ ከልማዱ በዝቶ፥ ሙቀቱም ጨምሮ ስለ ነበረ፥ ወባ እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ወጣ። እስከ 1951 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመ፥ 150 ሺህ ያህልም እንደ ሞተ ተገምቷል። በሽታውን ያልለመደ የደጋ ሰው ሰውነቱ መቋቋም አልቻለምና። ይህም ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2016 እስከ ጥቅምት 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ድረስ ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን የሚበልጡ ሕሙማንና 1,157 ሙታን መመዝገባቸውን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል።

አሁን ለሹማምንትና ለባለ እርሻዎች በተለይ ልናስረዳ የምንወደው፥ ለልማት ያደረግነው ሥራ ራሱ ሳናስበው ትንኝን ሊቀልብ መቻሉን ነው። ስለዚህም ሁለት ምስክር እናቀርባለን።

በትግራይ ለመስኖ በተሠሩት ትናንሽ ግድቦች አጠገብ በ1989 እና በ1990 ዓ.ም. ምርመራ ተደርጎ ነበር። ከግድብ እስከ 3 ኪሎ ሜትር ርቀት የሚኖሩ ከ10 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች፥ ከ8 እስከ 10 ኪሎ ሜትር ርቀው ከሚኖሩት ይልቅ 7 እጥፍ ያህል በወባ ሲያዙ ተገኙ።

በጎጃም በቡሬ ወረዳ ደግሞ በቆሎ (የባሕር ማሽላ) በቤት አጠገብ በብዛት በሚዘራበት መንደር ወባ በብዙ እጥፍ በርትቶ ታየ። ምክንያቱም ከበቆሎው ራስ ላይ የሚረግፈው የአበባ ብናኝ በኩሬ ላይ ሲያርፍ ለትንኙ ዕጭ ምግብ ይሆነዋል፤ ዕጩም ፈጥኖ ያድጋል፥ ከሞትም ይተርፋል። ለቤት ምርጊት ጭቃ የወጣበት ጉድጓድ በበቆሎው ሥር ሲገኝ ገበሬው በደጁ ትንኝ አረባ ማለት ነው።

የከተማ ሹማምንትም ከዚህ ነገር ነፃ አይደሉም። በ2009 ዓ.ም. በቀብሪ ደሃር የተገኘው ከእስያ የመጣ የወባ ትንኝ በበርሜልና በውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ይራባል፤ በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ለተነሣው ወረርሽኝም ምክንያት ሆኗል።

እንግዲህ ግድብ አይሠራ፥ በቆሎም አይዘራ አንልም፤ ሁለቱም እንጀራ ናቸው። ነገር ግን የሚከተለው ቢፈጸም መልካም ነው።

1ኛ፥ ግድብ ሲታሰብ የመንደሩ ርቀት አስቀድሞ ይመርመር፤ ከግድቡ ሥር የሚያዥው ውሃም በቦይ ይፍሰስ።

2ኛ፥ በቆሎ ከቤት ራቅ ብሎ ይዘራ፤ በደጅ ያለው ስፍራ ለጎመንና ለድንች ይዋል።

3ኛ፥ የምርጊት ጉድጓድ ሥራው እንዳለቀ ይደፈን፤ የቀረውም ኩሬ ዕጩ ትንኝ ሆኖ ሳይበር በየሳምንቱ ይጠንፈፍ፤ በከተማም የውሃ በርሜል ይከደን።

4ኛ፥ መድኃኒት የተነከረው አጎበር እህል መሸፈኛ እንዳይሆን ይጠበቅ፤ ትኩሳት የያዘውም ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ።

ሐኪም የታመመውን ያድናል፤ ኩሬውን የሚያስደፍን ግን ሹሙ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደ ተባለ፥ ሥራው መስከረም ሳይጠባ ይጀመር።