ለሌላ ሕመም መጥቶ ግፊት የተገኘበት

ጤና ጣቢያ ተራ ከሚጠብቁት መካከል «ግፊቴን ለኩልኝ» ብሎ የሚመጣ ጥቂት ነው። አንዱ ለወገቡ፣ ሌላዋ ለእርግዝና ክትትል፣ ሦስተኛው ለጨጓራው ይመጣል፤ ግፊቱ የሚታወቀው ነርሷ እንደ ደንቡ ክንዱን አስራ ስትለካው ነው። ደም ግፊት ብዙውን ጊዜ ሕመም አያሰማም። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ ከ30 እስከ 79 ዓመት ከሆናቸው ሰዎች 1.28 ቢሊዮን ያህሉ ይህ ችግር ነበረባቸው፤ ግማሽ የሚጠጉት ግን አያውቁትም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2015 በኢትዮጵያ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ግፊታቸው ከፍ ያለ አዋቂዎች 16 በመቶ ገደማ ነበሩ። በአዲስ አበባ ብቻ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ጥናት ደግሞ ከወንዶች 31.5፣ ከሴቶች 28.9 በመቶ አግኝቷል። ሁለቱ ጥናቶች የለኩት የዕድሜ ክልል አንድ ስላልሆነ በቀጥታ ማነጻጸር አይቻልም። ከተማው ከገጠሩ መብለጡ ግን በሌላም ቦታ የታየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ የኬንያ ጥናት ከምዕራብ ኬንያ መንደሮች ወደ ናይሮቢ የሄዱ የሉዎ ተወላጆችን ተከታትሎ ነበር፤ ከተማ በገቡ በጥቂት ወራት ውስጥ ግፊታቸው መንደር ከቀሩት ሰዎች በላይ ወጣ። በሽንታቸው የሚወጣው ሶዲየም በዝቶ፣ ክብደታቸውም ጨምሮ ተገኘ። ወደ እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤላውያንም ሲደርሱ ግፊታቸው ዝቅተኛ እንደነበርና እዚያ በቆዩ ቁጥር ከፍ እያለ መሄዱ ተጠንቷል። ደማቸው ያው ደም ነው፤ የተለወጠው ኑሯቸው ነው።

ዕድሜና የቤተሰብ ታሪክ በየአጋላጭ ምክንያቶች ዝርዝሩ ራስ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሐኪምም ሊለውጣቸው አይችልም። ሆኖም ዕድሜ እንኳ ብቻውን አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ1988 ውጤቱ የታተመው ኢንተርሳልት የተባለ ጥናት በ32 አገሮች ከ10,000 የሚበልጡ ሰዎችን አይቶ ነበር። ጨው እጅግ ጥቂት በሚበሉ አራት ሩቅ ማኅበረሰቦች ዘንድ ግፊት ከዕድሜ ጋር እምብዛም እንደማይጨምር አገኘ።

ስለ ጨው ረዘም አድርጎ መናገር ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ በ2015ቱ ጥናት የኢትዮጵያዊው አማካይ 8.3 ግራም ሆኖ ተገምቷል። በሀብታም አገሮች አብዛኛው ጨው ከፋብሪካ ምግብ ይመጣል፤ የኛ ግን በአብዛኛው ከጓዳ ነው። በርበሬው ሲፈጭ ጨው ይገባበታል፣ ሽሮው ሲዘጋጅ ይጨመርበታል፣ ወጡ ላይ ደግሞ እንደገና ይነሰነሳል። በአንዳንድ ገጠሮችማ ቡናም በጨው ይጠጣል። ስለዚህ ከውጭ መጽሐፍ የተቀዳው «ማዕድ ላይ ጨው አትነስንስ» የሚለው ምክር እዚህ ብዙም አይጠቅምም። ወጡ አንድ፣ ትሪውም አንድ ነው፤ ጨው የሚቀንሰው ታማሚው ሳይሆን ወጥ የሚሠራው ሰው ነው። ምክሩ በካርዱ ባለቤት ብቻ ከቀረ ቤት አይደርስም። ጾምም ቅቤና ሥጋ ያስቀራል እንጂ ጨው አያስቀርም።

ውፍረት፣ በተለይ የወገብ ውፍረት፣ ግፊትን ይጨምራል፤ እንቅስቃሴ ማነስም እንዲሁ። መጠጥ በተመለከተ ጉዳዩ መጠኑ ነው፤ ጠላም ሆነ ቢራ ወይም አረቄ፣ ከበዛ ግፊት ይጨምራል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ልብን ያፋጥናል፣ ግፊትንም ለሰዓታት ከፍ ያደርጋል፤ አብረውት የሚመጡት ሲጋራና እንቅልፍ ማጣትም አይረሱም። ቡና በሰው ዘንድ ከሚገባው በላይ ይወቀሳል። ለአጭር ጊዜ ግፊት ቢያነሣም፣ በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ሰውነት በአብዛኛው ይለምደዋል።

ታማሚዎች ራሳቸው የሚሰጡት ምክንያት ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው፦ ብስጭት። «ልጆቼ አናደዱኝ፣ ግፊቴ ተነሣ» ይላሉ። ንዴት ግፊትን ለጊዜው ማንሣቱ እውነት ነው፤ ለዓመታት ከፍ አድርጎ ስለማቆየቱ ያለው ማስረጃ ግን ከጨውና ከውፍረት ይልቅ ደካማ ነው። ጉዳቱ ያለው መደምደሚያው ላይ ነው፤ ምክንያቱ ንዴት ነው ያለ ሰው መድኃኒቱንም በተናደደ ቀን ብቻ ይውጣል።

ስኳር በሽታና የኩላሊት ሕመም ከግፊት ጋር ተያይዘው ይሄዳሉ። በእርግዝናዋ ጊዜ ግፊት የነበረባት ሴትም ከወለደች ከዓመታት በኋላ የመያዝ ዕድሏ ከፍ ያለ ስለሆነ ታሪኳ ካርዷ ላይ መስፈር አለበት። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ጥያቄ መድኃኒት ነው። ለወገብ ሕመም የሚገዙት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን፣ ፕሬድኒሶሎን፣ እንዲሁም ኢስትሮጅን ያለባቸው የእርግዝና መከላከያ ክኒኖች ግፊት ሊጨምሩ ይችላሉ።

በጤና ጣቢያ የሚሠሩ ጥናቶችን ስናነብ ግን ሁለት ወጥመዶች አሉ። ብዙዎቹ ታማሚውን በአንድ ቀን ብቻ የሚያዩ ናቸው፤ ግፊት እንዳለበት የተነገረው ሰው ደግሞ ጨውም መጠጥም ይቀንሳል። አጥኚው ሲጠይቀው «ጨው አልበላም» ይላል፤ በሠንጠረዡ ላይ ጨው የማይበላው ሰው ግፊት የበዛበት ሆኖ ይወጣል። ፍራሚንግሃም በምትባለው የአሜሪካ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1948 የተጀመረው ጥናት ዋጋው ከዚህ ይመነጫል፤ ጤነኞችን መዝግቦ ማን በኋላ እንደሚታመም ለዓመታት ጠበቀ።

ሁለተኛው ወጥመድ መለኪያው ነው። ከመለካቱ በፊት ታካሚው አምስት ደቂቃ ተቀምጦ ማረፍ፣ ሽንቱን መሽናት፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥም ቡና አለመጠጣት አለበት፤ 140/90 እና ከዚያ በላይ ከተነበበም በሌላ ቀን ይደገማል። ወረፋ በበዛበት ክፍል ይህ ሁሉ አይሟላም። ክንዱ ወፍራም የሆነ ሰው በጠባብ ማሰሪያ ሲለካ ንባቡ ከእውነተኛው በላይ ይወጣል፤ ስለዚህ በአንዳንድ ጥናቶች ውፍረትና ግፊት ካሳዩት ዝምድና የተወሰነው ከማሰሪያው የመጣ ሊሆን ይችላል።