የጃፓን የጠረፍ ውሃ፦ ከመንደር ይዞታ ወደ ማኅበር መብት

በኤዶ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1603–1868) በጃፓን ለጠረፍ ቅርብ የሆነው ውሃ የአጠገቡ መንደር ይዞታ ነበር፤ ራቅ ያለው ባሕር ደግሞ የጋራ። የሜጂ መንግሥት በ1875 ባሕሩን የመንግሥት ሀብት ብሎ ዐውጆ በኪራይ እንዲያዝ ወሰነ። ድንበሩንና ወቅቱን የሚያውቀው ግን መንደሩ እንጂ ግምጃ ቤቱ አልነበረም፤ በይዞታ ግጭት ሳቢያ ውሳኔው በማግሥቱ ዓመት ተሻረ። የ1901ዱ ሕግ አዲስ ሥርዓት ቢመስልም፣ በአመዛኙ የመንደሩን ልማድ በዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ስም ያጸና ነበር። የ1949ኙ ሕግ ነባር መብቶችን በካሳ ሰርዞ እንደገና ሲያከፋፍል፣ የጠረፉ ውሃ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ደረሰ።

ይህን ሥርዓት ያናወጠው የ2011ዱ ሱናሚ ነው። ክፉኛ በተጎዳው በሚያጊ ክፍለ ግዛት፣ በ2013 ኦይስተር የተባለውን ባለዛጎል የባሕር እንስሳ የሚያረባ አንድ ኩባንያ መብቱን ያለ ማኅበሩ አማካይነት በቀጥታ አገኘ። በ2018 የተሻሻለው ሕግም በእርባታ መብት ላይ የነበረውን የቅድሚያ ተርታ አነሣ፤ ነባር ባለመብቶች የሚቀጥሉት ውሃውን “በአግባቡና በውጤታማነት” ከተጠቀሙበት ነው። ይህን የሚመዝነው አገረ ገዥው እንጂ፣ እንደ ቀድሞው መንደሩ አይደለም። ዛጎል ለበስ እንስሳትንና የባሕር አረምን የመሰብሰብ የጋራ መብት ግን በማኅበራቱ እጅ ቀርቷል።