በአንድ ገንዳ የሚስማሙ ዓሦች፦ ከቀለማቸው በፊት የመጡበትን ውኃ ማወቅ

ቆሮሶ ለብዙዎቻችን ተጠብሶ የሚቀርብ የምግብ ዓሣ ነው። በሳይንሳዊ አመዳደብ ግን ሲክሊድ ከሚባለው ሰፊ የዓሣ ቤተሰብ ይመደባል። ቤተሰቡ ከ1 ሺህ 700 በላይ ዝርያዎች ያሉት ሲኾን አብዛኞቹ በአፍሪካ እና በላቲን አሜሪካ ውኃዎች ይኖራሉ። በየቤቱና በየሆቴሉ የመስታወት ገንዳ ውስጥ በቢጫና በሰማያዊ ቀለማቸው ዐይን ከሚስቡት ዓሦች መካከልም ጥቂት የማይባሉት የቆሮሶ ዘመዶች ናቸው።

ዘመድ ናቸው ማለት ግን አብረው ይኖራሉ ማለት አይደለም። ሲክሊዶች የራሳቸውን ክልል ለይተው የሚጠብቁ፣ ለእንቁላላቸውና ለጫጩቶቻቸው የሚዋጉ ዓሦች ናቸው። በገንዳ ዓሣ ላይ የሚደርሰው ኪሳራም በአመዛኙ ከዚህ ይመነጫል። ገዢው ቀለም አይቶ ይመርጣል፤ ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ ደካማው ዓሣ ክንፉ ተቀንጥሶ፣ ጥግ ይዞ ይሞታል።

ስለዚህ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ዓሣው የመጣበት ውኃ ነው። የማላዊ ሐይቅ ውኃ ማዕድን የበዛበት ጠጣር ውኃ ነው። የውኃን አሲዳማነት በሚለካው ፒኤች በሚባለው መለኪያ 7 መካከለኛ ሲኾን ማላዊ ከ7.7 እስከ 8.6 ይደርሳል፤ ታንጋኒካ ደግሞ ወደ 9 ይጠጋል። ከአማዞን ተፋሰስ የመጡት ዲስከስ እና ኤንጅልፊሽ በአንጻሩ ለስላሳና ወደ አሲዳማነት ያጋደለ ውኃ የለመዱ ናቸው። ዲስከስ ከዚህም በላይ ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ይፈልጋል። የማላዊን ዓሣና ዲስከስን በአንድ ገንዳ ማኖር አንዱን ለማስደሰት ሌላውን ማሳመም ነው። የሰፈር ውኃን ባሕርይ ለመገመት ውኃ የሚፈላበትን ዕቃ መመልከት ይረዳል፤ በውስጡ ነጭ ቅርፊት የሚያስቀር ውኃ ጠጣር ነው። እንዲህ ባለ አካባቢ የምሥራቅ አፍሪካ ሐይቆችን ዓሦች መምረጥ ድካምን ይቀንሳል።

ከአንድ ሐይቅ የመጡትም ቢኾኑ ጠባያቸው ይለያያል። በማላዊ ድንጋያማ ዳርቻ የሚኖሩትና ምቡና የሚባሉት ሲክሊዶች በአብዛኛው ድንጋይ ላይ የበቀለ አልጌ እየጋጡ የሚኖሩ ናቸው። ሥጋ የበዛበት መኖ ሲሰጣቸው ሆዳቸው ተነፍቶ ይሞታሉ። ጠበኞችም ናቸው። ሁለት ወንዶች ብቻቸውን ቢቀመጡ ኃይለኛው ሌላውን እስኪገድለው ያሳድደዋል። አርቢዎች ለአንድ ወንድ ሦስት ወይም አራት ሴቶች መድበው፣ በድንጋይ ብዙ መደበቂያ ሠርተው፣ ቁጥራቸውን ሆን ብለው በዛ ያደርጉታል። ነገሩ እንግዳ ቢመስልም ምክንያት አለው፤ ዓሦቹ ሲበዙ ጠቡ በአንዱ ላይ ከመክበድ ይልቅ ለሁሉም ይከፋፈላል። ይህ የሚሠራው ግን ማጣሪያው ብርቱ ከኾነ ብቻ ነው። አሸዋ ላይ ምግቡን የሚፈልገው ረጋ ያለው አውሎኖካራ ከምቡና ጋር ሲቀመጥ ዕረፍት ያጣል።

መጠንም ሊዘነጋ አይገባም። ኦስካር የሚባለው የደቡብ አሜሪካ ሲክሊድ ሲሸጥ የጣት ርዝመት ቢኖረው ነው፤ ሲያድግ ግን 30 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፣ ዐሥር ዓመትና ከዚያ በላይም ይኖራል። ዓሣ አፉ የሚችለውን ሁሉ ይውጣል። ያደገ ኤንጅልፊሽ ኒዮን ቴትራ የሚባሉትን ትንንሽ ዓሦች አንድ በአንድ ሲለቅማቸው ባለቤቱ ሌባ ገባ ብሎ ሊጠረጥር ይችላል። ለጠባብ ቤት በታንጋኒካ ባዶ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ውስጥ ከሚኖሩት፣ ከ5 ሴንቲ ሜትር ከማይበልጡት ሲክሊዶች የተሻለ ምርጫ ያለ አይመስለኝም። ለእነርሱ 60 ሊትር ውኃ፣ አሸዋና ጥቂት ቅርፊቶች ይበቃሉ።

ሲክሊድ ላልኾነ ጓደኛ፣ የአፍሪካዎቹን ሐይቆች ዓሦች ለያዘ ሰው ሲኖዶንቲስ የሚባለው የአምባዛ ወገን ይስማማል፤ ቀን ተደብቆ ሌሊት ይንቀሳቀሳል፣ ጠንካራ እሾሁም ይከላከልለታል። በታንጋኒካ የሚኖረው አንዱ ዝርያ ግን ጉደኛ ነው። እናቲቱ ሲክሊድ እንቁላሏን በአፏ ሰብስባ የምትፈለፍል ስትኾን፣ እርሱ የራሱን እንቁላል ከእርሷ እንቁላል ጋር ይቀላቅላል። ቀድመው የሚፈለፈሉት የእርሱ ጫጩቶች በአፏ ውስጥ ልጆቿን እየበሉ ያድጋሉ።

ቆሮሶና አምባዛን በኩሬ ለሚያረባ አርሶ አደርም የማጣመር ጥበቡ ከዚህ የራቀ አይደለም። ቆሮሶ ፈጥኖ ስለሚራባ ኩሬው በጫጩት ይጨናነቅና ሁሉም ሳያድጉ ይቀራሉ። ጥቂት አምባዛ ሲጨመር ጫጩቶቹን እየበላ ቁጥራቸውን ይቆጣጠራል። አምባዛው ሲገባ ግን ለማርባት የተለቀቀውን ቆሮሶ መዋጥ የማይችል፣ ከእርሱ ያነሰ መኾን አለበት። ቆሮሶን ከቤት ገንዳ ማስገባት ግን አይመከርም፤ ይተልቃል፣ ክልሉንም በኃይል ይጠብቃል።

ዓሣ ከመገዛቱ በፊት ገንዳው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ማጣሪያው እየሠራ፣ ትንሽ መኖ እየተጨመረበት ሊቆይ ይገባል። ከመኖና ከዓሣ ኩስ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ ወደማይጎዳ ነገር የሚለውጡት ባክቴሪያዎች የሚራቡት በዚህ ጊዜ ነው። የቧንቧ ውኃም ክሎሪኑ እስኪወጣ ቢያንስ አንድ ቀን በክፍት ዕቃ ይቆይ። እንደ ደብረ ብርሃን ባሉ ደጋማ ከተሞች ያለ ማሞቂያ ማርባት አይቻልም። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ደግሞ በባትሪ የሚሠራ የአየር መንፊያ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። 200 ሊትር ውኃ ብቻውን 200 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን መደርደሪያው በዚሁ ልክ ይታሰብበት።

አብሮ መኖር ያልቻለውን፣ ወይም ከገንዳው በላይ ያደገውን ዓሣ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ መልቀቅ ግን ፈጽሞ አይገባም። በጫሞ ሐይቅ ተፈጥሯዊ ነዋሪ የኾነው ናይል ፐርች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950ዎቹ በቪክቶሪያ ሐይቅ ተለቅቆ ነበር። የተለቀቀው ለዓሣ ምርት ታስቦ ቢኾንም በመቶዎች ለሚቆጠሩ የሐይቁ ሲክሊዶች መጥፋት ዋነኛ ምክንያት ኾኗል። ጣናን የወረረው እምቦጭም ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ በዓለም የተሠራጨው አበባው ስላማረ ነው። ጣና 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉት፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ መኖሪያ የላቸውም።

ያልተፈለገን ዓሣ ለሸጠው ሱቅ መመለስ ወይም ለሌላ አርቢ መስጠት ይቻላል። የሞተው ይቀበር። ከገንዳው የሚቀዳው አሮጌ ውኃም ወደ ቦይ አይደፋ፤ ጨው ካልተጨመረበት ለጓሮ ጎመንና ለችግኝ ጥሩ ማዳበሪያ ነው።