አንድ ሸክላ፥ ሦስት ፍርድ

ሦስት ወዳጆች አብረው ተቀምጠው አንድ ዘፈን ቢያዳምጡ፥ ዘፈኑ ሲያልቅ በመካከላቸው የሚቀረው አንድ ዘፈን ሳይሆን ሦስት ዘፈን ነው። አንደኛው «እንዴት ደስ ይላል!» ይላል። ሁለተኛው «ይህማ ከሌላ ሰው የተቀዳ ነው» ብሎ ያጣጥለዋል። ሦስተኛው ደግሞ «ለመሆኑ ቃሉን ሰማችሁት?» ሲል ይጠይቃል። ክርክሩ ሲሞቅ ቡናው ይቀዘቅዛል፤ በመጨረሻም ሦስቱም በየሐሳባቸው እንደ ጸኑ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። «ዓይን ያያል፥ ልብ ይፈርዳል» እንደሚባለው፥ ጆሮም ይሰማል እንጂ አይፈርድም። ታዲያ የሰሙት አንድ ሲሆን ፍርዱ የሚለያየው ስለ ምንድን ነው? ከሦስቱስ እውነቱ ከማን ጋር ነው?

ይህን ጥያቄ በባዶው ከምንመረምረው ይልቅ አንድ በእርግጥ የሆነ ነገር ይዘን ብንመረምረው ይሻላል ብለን፥ ለዛሬው እሑድ የአንድ ሸክላ ታሪክ መርጠናል። ነገሩ የሆነው በአሜሪካ አገር በሎስ አንጀለስ ከተማ፥ በ1979 ዓ.ም. ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ይገንዘቡልን።

ፓወር ፖፕ ምንድን ነው?

አስቀድመን ስለ ሙዚቃው ዓይነት ጥቂት እንበል። «ፓወር ፖፕ» ማለት ኃይል ያለው የሕዝብ ዘፈን እንደ ማለት ነው። ስያሜው የመጣው በ1967 ዓ.ም. ዘ ሁ ከተባለው የእንግሊዝ ባንድ ጊታር ተጫዋች ከፒት ታውንዜንድ አንደበት ነው። የዚህ ዓይነት ዘፈን ጠባዩ እንዲህ ነው፤ ዜማው አጭርና ለማንጎራጎር የሚቀል ነው፥ ዘፋኞቹ ድምፃቸውን አስተባብረው ይዘፍናሉ፥ ጊታሩ ግን ያንጎደጉዳል፥ ከበሮውም አጥብቆ ይመታል። ብዙ ጊዜ ከሦስትና ከአራት ደቂቃ አያልፍም። ሥሩ ቢትልስና ጓደኞቻቸው በ1960ዎቹ ዓመታት ያሰሙት ሙዚቃ ነው። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሰው አንድ ጊዜ ሰምቶ የማይረሳውን ዜማ መድረስ እንዴት ያለ አድካሚ ሥራ መሆኑን የሞከረ ሁሉ ያውቀዋል።

በሎስ አንጀለስ የሆነው

ዘ ናክ የተባለው ባንድ በ1978 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ ተቋቋመ። አባሎቹ አራት ነበሩ፤ ዘፋኙ ደግ ፊገር፥ ጊታር ተጫዋቹ በርተን አቬር፥ ባስ ጊታር ተጫዋቹ ፕሬስኮት ናይልስ፥ ከበሮ መቺውም ብሩስ ጋሪ ይባላሉ። በከተማው የምሽት ክበቦች ሲጫወቱ ዝናቸው ወጣ፤ እንደ ብሩስ ስፕሪንግስቲንና እንደ ቶም ፔቲ ያሉ ታላላቅ ሙዚቀኞችም መድረክ ላይ ወጥተው አብረዋቸው እስከ መጫወት ደረሱ። የሸክላ ኩባንያዎች ተሻሙባቸው፤ በመጨረሻም የቢትልስን ሸክላዎች በአሜሪካ ያሳትም የነበረው ካፒቶል አስፈረማቸው።

«ጌት ዘ ናክ» የተባለው የመጀመሪያ አልበማቸው፥ ማይክ ቻፕማን በተባለው አውስትራሊያዊ አዘጋጅነት፥ በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥ በ18,000 ዶላር ገደማ ወጪ ተቀርጾ በሰኔ 1979 ዓ.ም. ወጣ። ያን ጊዜ ለአንድ አልበም ብዙ ወራትና በመቶ ሺህ የሚቆጠር ዶላር ማፍሰስ የተለመደ ስለ ነበረ፥ ይህ እንደ ተአምር ተቆጠረ። አሥራ ሁለት ዘፈኖች የያዘው ይህ ሸክላ በአሜሪካ የሽያጭ ሠንጠረዥ ላይ ለአምስት ሳምንታት አንደኛ ሆኖ ተቀመጠ። ከውስጡ የወጣው «ማይ ሻሮና» የተባለው ዘፈንም በነጠላ ዘፈኖች ሠንጠረዥ ላይ ለስድስት ሳምንታት የአንደኝነቱን ቦታ ያዘ፤ ቢልቦርድ የተባለው መጽሔትም የ1979 ዓ.ም. ቀዳሚ ዘፈን አድርጎ መዘገበው።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ፍርዱ በሦስት የተከፈለው።

ሦስቱ ወገኖች

የመጀመሪያው ወገን ሸክላውን የወደደው ነው። ይህ ወገን ብዙ ነበረ፤ ምክንያትም ነበረው። ያን ዘመን የአሜሪካን ራዲዮ ዲስኮ የተባለው የዳንስ ሙዚቃ አጥለቅልቆት ነበር። የጊታር ሙዚቃ የናፈቃቸው ወጣቶች ይህ ሸክላ ሲደርሳቸው ዝናም እንዳገኘ መሬት ተቀበሉት። «ማይ ሻሮና»ን ያደመጠ ሰው ምክንያቱን አያጣውም፤ ከበሮው ብቻውን ይጀምራል፥ ከዚያም አንዲት አጭር የጊታር ሐረግ ከወፍራሙ ድምፅ ወደ ቀጭኑ እየዘለለች፥ ተመልሳ እየወረደች፥ ደጋግማ ትመጣለች። ጆሮ ሁለት ጊዜ ከሰማት በኋላ ሦስተኛውን ራሱ ይጠብቃል። የሚጠብቀውንም ሲያገኝ ደስ ይለዋል። የ«ያዝ አድራጊ» ዜማ ምሥጢሩ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ወገን የናቀው ነው። በዚህ ወገን ብዙ ጋዜጠኞችና ሐያስያን ነበሩበት። የሸክላው ሽፋን ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ሲሆን፥ በ1964 ዓ.ም. በአሜሪካ የወጣውን የቢትልስን አልበም የሚያስታውስ ነበረ። የአለባበሳቸውም ነገር እንደዚሁ። ባንዱ ከጋዜጠኞች ጋር አልነጋገርም ማለቱ ደግሞ በእሳት ላይ ጭድ ሆነ። «እነዚህ የሌላውን ልብስ ለብሰው ገበያ የወጡ ነጋዴዎች እንጂ ሙዚቀኞች አይደሉም» የሚል ስሜት ተስፋፋ። በሳንፍራንሲስኮ አንድ ሠዓሊ፥ የባንዱን ስም ከአቶሚክ ቦምብ ጋር በቃል ጨዋታ አያይዞ፥ በካናቴራና በደረት ምልክት ላይ የዘመቻ መፈክር እስከ ማውጣት ደረሰ።

ሦስተኛው ወገን ቃሉን ያዳመጠው ነው። በዚህ አልበም ውስጥ ልጃገረዶች የሚነሡት ብዙውን ጊዜ እንደ ምኞት ዕቃ ወይም እንደ ንዴት ምክንያት ነው፤ የራሳቸው ሐሳብና ልብ ያላቸው ሰዎች ሆነው ብዙም አይታዩም። ሮበርት ክሪስጋው የተባለው የኒውዮርክ ሐያሲ ቅሬታውን ያነጣጠረው በዚሁ ላይ ነበረ። ታላቁ ዘፈን የተደረሰላት ልጅ ዘፋኙ ሲያውቃት የ17 ዓመት ልጅ ስትሆን፥ እርሱ 25 ዓመቱ ነበረ። ዘፈኑም ስለ ለጋ ዕድሜዋ የሚናገረው እንደ ኀፍረት ሳይሆን እንደ ፉከራ ነው። ያን ጊዜ በዳንስ ቤት ያለ አሳብ የጮሁለት ሰዎች ዛሬ ልጆች ወልደው መልሰው ሲሰሙት ቅር የሚላቸው ጥቂቶች አይደሉም።

ሁለት ጊዜ ብናዳምጠው

እኛም ፍርድ ከመስጠታችን በፊት አልበሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሁለት ጊዜ አዳመጥነው። በመጀመሪያው ጊዜ ሌላ ሥራ እየሠራን ነበረ፤ እግራችን ሳናዘው ወለሉን ይመታ ጀመር። አራቱ ሰዎች ሙያቸውን የሚያውቁ መሆናቸውን ለመካድ አይቻልም፤ በተለይም ከበሮ መቺው በእያንዳንዱ ዘፈን ውስጥ ቦታውን ያውቃል። የአቬር ረዥም የጊታር ጨዋታም የቸኮለ ሰው ሥራ አይደለም።

በሁለተኛው ጊዜ ግን ሌላውን ሥራ ትተን ቃሉን ተከተልን። ያን ጊዜ እግራችን ቆመ። ዜማው ያው ነው፤ ከበሮውም ያው ነው፤ ነገር ግን «ይህንን ቃል አንድ ሰው በገዛ እኅታችን ላይ ቢዘፍነው ምን እንል ነበር?» የሚል ጥያቄ መጣብን። ስለ ሣሩ ማማር ገደሉን ያላየው በሬ ተረት የሚነገረው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው። ሆኖም ዜማው አስቀያሚ ነው ብለን ራሳችንን ልናታልል አልቻልንም። ደስታውም እውነት ነበረ፤ ቅሬታውም እውነት ነበረ።

ከዚህ የተረዳነው ነገር አለ። ሦስቱ ወገኖች የተከራከሩት በአንድ ነገር ላይ አልነበረም። አንደኛው የፈረደው በዜማው ላይ ነው፤ ሁለተኛው በሰዎቹ ጠባይና በገበያው ጩኸት ላይ ነው፤ ሦስተኛው በቃሉ ላይ ነው። ሦስቱም አንዱን ሸክላ እያነሡ ስለ ሦስት ጉዳይ ይናገሩ ስለ ነበረ ሊግባቡ አልቻሉም።

በሜምፊስ የሆነው

የሽያጭ ብዛት የመልካምነት ማስረጃ ነው የሚል ቢኖር፥ ወይም በተቃራኒው ሕዝብ የወደደው ሁሉ ርካሽ ነው የሚል ቢኖር፥ ለሁለቱም መልስ የሚሆን ሌላ ሸክላ አለ።

ከዚህ ነገር ሰባት ዓመት አስቀድሞ፥ በ1972 ዓ.ም.፥ በቴኔሲ ክፍለ ሀገር በሜምፊስ ከተማ ቢግ ስታር የተባለ ባንድ የመጀመሪያ አልበሙን አወጣ። ስሙን የወሰደው ከአንድ የምግብ ሸቀጥ መደብር ነው። አልበሙን «አንደኛ ሸክላ» ብለው ሰየሙት። እርሱም እንደ ናኮች አሥራ ሁለት ዘፈኖች የያዘ፥ ዜማው ያማረ፥ ጊታሩ የጠራ ነበረ። ዘፋኙ አሌክስ ቺልተን ገና በ16 ዓመቱ፥ በ1967 ዓ.ም.፥ ቦክስ ቶፕስ ከተባለው ባንድ ጋር በአሜሪካ አንደኛ የሆነ ዘፈን የዘፈነ ሰው ነው። ሐያስያን አልበሙን አመሰገኑት። ነገር ግን የማከፋፈሉ ሥራ ስለ ተበላሸ ሸክላው በብዙ ሱቆች አልተገኘም፤ በጊዜው የተሸጠው ከ10,000 ያነሰ ነው። «አንደኛ» የተባለው ሸክላ ከሠንጠረዡ ጭራ እንኳ ሳይደርስ ቀረ። ከባንዱ ዋና ደራሲዎች አንዱ የነበረው ክሪስ ቤል ከጥቂት ወራት በኋላ ተለየ፤ በ1978 ዓ.ም. በ27 ዓመቱ በመኪና አደጋ ሲሞት የሥራውን ዋጋ ሳያይ ነው።

እንግዲህ ሁለቱን እናስተያይ። አንዱን ሕዝብ ወደደው፥ ሐያስያን ናቁት። ሌላውን ሐያስያን ወደዱት፥ ሕዝብ አላገኘውም። አንዱ ስለ ተሸጠ ብቻ ተጠረጠረ፤ ሌላው ስላልተሸጠ ብቻ ተረሳ። በሁለቱም ጊዜ ሸክላውን በትክክል የሰማው ሰው ጥቂት ነበረ።

ጊዜ የሰጠው ፍርድ

የናኮች ሁለተኛ አልበም በ1980 ዓ.ም. ሲወጣ ብዙ ሰው ሳይሰማው ፈርዶበት ነበረ። ሠንጠረዡ ላይ ከ15ኛ ደረጃ አላለፈም። በ1981 ዓ.ም. ሦስተኛው ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ባንዱ ተበተነ። ያ ሁሉ ጭብጨባና ያ ሁሉ ርግማን ሦስት ዓመት አልሞላውም።

ነገር ግን ነገሩ በዚህ አልተፈጸመም። በ1994 ዓ.ም. «ሪያሊቲ ባይትስ» በተባለው የሲኒማ ፊልም ውስጥ ወጣቶች በአንድ ሱቅ ውስጥ «ማይ ሻሮና»ን ሰምተው ሲጨፍሩ ታዩ፤ ዘፈኑም ከ15 ዓመት በኋላ ወደ ሠንጠረዡ ተመለሰ። የኒርቫናው ኩርት ኮቤይን፥ ገበያ የተጠየፈ ሙዚቀኛ የሚባለው፥ በእጁ ጽፎ ከተዋቸው ሃምሳ ተወዳጅ አልበሞች ውስጥ «ጌት ዘ ናክ» ይገኝበታል። የቢግ ስታርም ሸክላ ከወዳጅ ወደ ወዳጅ እየተላለፈ ኖሮ፥ በ2003 ዓ.ም. ሮሊንግ ስቶን የተባለው መጽሔት ካወጣው የ500 ታላላቅ አልበሞች ዝርዝር ገባ። ከዘፈኖቹም አንዱ በ1998 ዓ.ም. ለተጀመረ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ድራማ መክፈቻ ሆነ።

ደግ ፊገር በየካቲት 2010 ዓ.ም. በ57 ዓመቱ በካንሰር ሞተ። አሌክስ ቺልተን ከእርሱ በኋላ አንድ ወር ያህል ብቻ ቆይቶ፥ በመጋቢት፥ በ59 ዓመቱ ሞተ። አንዱ በጣም ስለ ተሸጠ፥ ሌላው ስላልተሸጠ የተፈረደባቸው ሁለቱ ሰዎች በአንድ ክረምት ማለፋቸው ያስገርማል። ዛሬ ሁለቱም ሸክላዎች ለሚሻቸው ሰው በእኩል ይገኛሉ፤ ሱቅም አይከለክላቸውም፥ ጩኸትም አይሸፍናቸውም።

ለእኛስ?

ይህ ሁሉ ለተማሪውና ለወጣቱ ሹም ምን ይጠቅመዋል የሚል አይጠፋም። የሚጠቅም ይመስለናል። በጠረጴዛው ላይ መዝገብ የቀረበለት ሹም፥ የመዝገቡን ሽፋን አይቶ ወይም ከደጅ የቆመውን ሕዝብ ጩኸት ሰምቶ ቢፈርድ፥ ዳኛ መባሉ ቀርቶ የጩኸት ማሚቶ ይሆናል። «ሁሉም ወደደው» ብሎ መውደድና «ሁሉም ስለ ወደደው» ብሎ መጥላት አንድ ዓይነት ስሕተት ናቸው፤ በሁለቱም ጊዜ ሰውየው የራሱን ጆሮ ለሰው አከራይቷል።

ስለዚህ ወደ ቀዘቀዘው ቡና እንመለስ። «ደስ ይላል» ያለው ወዳጃችን አልዋሸም፤ ደስታውን ማንም አይነጥቀውም። «የተቀዳ ነው» ያለውም ማስረጃውን ከሽፋኑ ሳይሆን ከዜማው ውስጥ አውጥቶ ቢያሳየን እንሰማዋለን። «ቃሉን ሰማችሁት?» ያለው ግን የከበደውን ጥያቄ ጠየቀ፤ እርሱ ባይናገር ኖሮ እኛም ሁለተኛ ጊዜ ባላዳመጥን ነበር። ሦስቱን ወዳጆች በአንድ ገበታ ማቆየት መልካም የሚሆነው ስለዚህ ነው። አንባቢ ሆይ፥ በሚመጣው ጊዜ ሰው ሁሉ የሚያንጎራጉረው አዲስ ዘፈን ሲደርስዎ፥ በመጀመሪያ እግርዎን ይልቀቁት፤ ቀጥሎም ከመፍረድዎ በፊት እንደ ገና፥ ቃሉን እየተከተሉ ያዳምጡት።