ጡንቻና ጅማት፦ እስኪጎድልብን የማናስተውለው ኒዕማ

ምስጋና ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። 

በዛሬው ዝግጅታችን በየቀኑ የምንገለገልበትን፣ እስኪጎድልብን ድረስ ግን የማናስተውለውን አንድ ኒዕማ እናነሳለን። እርሱም መንቀሳቀስ ነው። የሰው ልጅ ፀሐይ በወጣች ቁጥር በእያንዳንዱ መገጣጠሚያው ላይ ሶደቃ እንዳለበት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። መገጣጠሚያ ግን በራሱ አይንቀሳቀስም። ኃይሉን የሚያመነጨው ጡንቻ ነው፤ ኃይሉን ወደ አጥንት የሚያደርሰው ደግሞ ጅማት ነው።

በአነጋገራችን «ጅማት» የሚለውን ቃል አንዳንዴ ለነርቭም፣ ለደም ሥርም እንጠቀምበታለን። እዚህ ላይ ጅማት ስንል ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘውን ጠንካራ ገመድ ማለታችን ነው። በዒድ አል-አድሓ ኡዱሒያ ሲገፈፍና ሲበለት ያየ ሰው በሚገባ ያውቀዋል። ቀዩ ሥጋ ጡንቻው ነው። ወደ አጥንቱ ሲቃረብ እየጠበበ ሄዶ የሚነጣውና ቢላ የሚያስቸግረው ጅማቱ ነው።

አጥንቶቻችንን የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች ከ600 በላይ ናቸው። እጃችንን ለማንሳት ስናስብ ትእዛዙ ከአንጎል ተነስቶ በኅብለ ሰረሰርና በነርቭ በኩል ጡንቻው ዘንድ ይደርሳል። ይህን ጊዜ በጡንቻው ክሮች ውስጥ የተከማቸው ካልሲየም ይለቀቃል። በክሮቹ ውስጥ አክቲንና ማዮሲን የሚባሉ እጅግ ቀጫጭን የፕሮቲን ዘንጎች አሉ። ማዮሲን አክቲንን ይይዛል፣ ይስባል፣ ይለቃል፣ እንደገና ይይዛል። ከጉድጓድ ውሃ የሚቀዳ ሰው ገመዱን በሁለት እጁ እያፈራረቀ እንደሚስበው ማለት ነው። ዘንጎቹ ራሳቸው አያጥሩም፤ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል እንጂ። ይህንን ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች እ.ኤ.አ. በ1954 ለየብቻ ደርሰውበት አሳትመውታል።

ጡንቻ መሳብ እንጂ መግፋት አይችልም። ስለዚህም አጣፊና ዘርጊ ሆኖ በተቃራኒ ጎን ተመድቧል። ክንዳችንን የሚያጥፈው ከፊት፣ የሚዘረጋው ከኋላ ነው። እስኪ ግራ እጃችሁን ከቀኝ ክርናችሁ ዝቅ አድርጋችሁ አስቀምጡና የቀኝ እጃችሁን ጣቶች አንቀሳቅሱ። ከእጃችሁ ሥር የሚንቀሳቀስ ነገር ይሰማችኋል። ጣቶቻችንን በኃይል የሚያጥፉት ጡንቻዎች ያሉት እዚያ ላይ ነው፤ ረጃጅም ጅማቶች በአንጓችን በኩል አልፈው ጣቶቹን ይስባሉ።

አሁን ወደ ሶላታችን እንምጣ። በቀን የምንሰግደው ፈርድ 17 ረከዓ ነው። በውስጡ 17 ሩኩዕና 34 ሱጁድ አለ። ለሩኩዕ ስናጎነብስ የጀርባችንና የኋላ ጭናችን ጡንቻዎች እየረዘሙም ቢሆን ይስባሉ፤ ባይስቡ ኖሮ በፊታችን እንደፋ ነበር። ወደ ሱጁድ ስንወርድ የፊት ጭናችን ጡንቻ ክብደታችንን ቀስ አድርጎ ያወርዳል። ስንነሳ ደግሞ ያው ጡንቻ እያጠረ፣ የጉልበት ሎሚን በያዘው ጅማት አማካይነት ጉልበታችንን ይዘረጋል። ይህን ስንል ሶላት ስፖርት ነው ማለታችን አይደለም። ሶላት ዒባዳ ነው፤ የምንሰግደውም ለአላህ ብለን ነው። ነገር ግን ለዚህ ዒባዳ የተሰጠን አካል አማና ነውና ልንጠብቀው ይገባል።

እንዴት እንጠብቀው? በመጀመሪያ በማሠራት ነው። ብዙዎቻችን አረጋዊ ወላጆቻችንን «እማዬ አይነሱ፣ እኛ እናመጣልዎታለን» እንላለን። ፍቅር ነው። ሆኖም የማይሠራ ጡንቻ ይከሳል፤ ጡንቻቸው የከሳ አረጋውያን ደግሞ በቀላሉ ይወድቃሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ እንዲሠሩ መክሯል። ለአረጋውያን ሰው አጠገባቸው ቆሞ ከወንበር መነሳትና መቀመጥን ጥቂት ጊዜ መደጋገም ጥሩ ጅምር ነው። መቆም ያቃተው ተቀምጦ መስገዱን ዲናችን ፈቅዷል፤ ማንም አይፈርበት። ወንበር ላይ መስገድ ግን ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ለመዋል ምክንያት አይሁን።

ሁለተኛው ጉዳት ሲደርስ የምናደርገው ነው። ጅማት ከጡንቻ ይልቅ ጥቂት ደም ስለሚያገኝ የሚያገግመው በዝግታ ነው። ከሁሉም ወፍራሙና ብርቱው ባታችንን ከተረከዛችን የሚያያይዘው ጅማት ነው። እርሱ ሲበጠስ ሰውየው ከኋላው የተመታ ይመስለዋል፤ አንዳንዴም የመበጠስ ድምፅ ይሰማል። ሌሎች ጡንቻዎች ስለሚያግዙት እያነከሰም ቢሆን ሊራመድ ይችላል፤ በዚህም ምክንያት «ወለምታ ነው» ተብሎ ይታለፋል። በዚያ እግር ብቻ በጣት ጫፍ መቆም ካቃተው ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይሂድ። ወጌሻዎቻችንን ለማሳነስ ብለን አይደለም። የተበጠሰ ጅማት በመታሸት አይገጥምም፤ እግርን አጥብቆ ማሰርም ደም ሊያግድና እግር እስከማሳጣት ሊያደርስ ይችላል።

ሲፕሮፍሎክሳሲንን የመሰሉ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶችም ጅማትን ሊጎዱ፣ አልፎ አልፎም ሊበጥሱ ይችላሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2008 ከመድኃኒቱ ጋር ጠንካራ ማስጠንቀቂያ እንዲታተም አድርጓል። አደጋው ዕድሜያቸው ከ60 በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ ይበልጥ ይከፋል። ስለዚህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝተን አንዋጥ፤ ከጎረቤት የተረፈውንም አንውሰድ። እየወሰድን ሳለ ተረከዛችን አካባቢ ሕመም ከተሰማን ቀጣዩን ከመዋጣችን በፊት ሐኪሙን እናማክር።

አላህ (ሱ.ወ) በሰጠን አካል በመልካም የምንገለገል ያድርገን፤ ወላጆቻችንንም በጤና ያቆይልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።